የማይደገፍ ውቅረት ሲመጣ፦ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር እንዴት እምቢ ይበል?

ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር፣ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ከሚመልሳቸው ስህተቶች መካከል «ይህ ውቅረት አይደገፍም» የሚለው ከሌሎቹ የተለየ ጠባይ አለው። ተጠቃሚው ማሽኑ ምን ምን እንዲኖረው እንደሚፈልግ የጻፈበት ፋይል በአጻጻፉ እንከን የለበትም፤ ፕሮግራሙም አልተበላሸም፤ የተጠየቀው ነገር ግን በዚህ ኮምፒውተር፣ በዚህ የፕሮግራም ስሪትና በዚህ ፕሮሰሰር ላይ አይገኝም። ያው ፋይል ወደ ሌላ ሰርቨር ቢወሰድ ወይም እዚሁ ላይ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ከታደሰ በኋላ ቢሞከር፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ይህን ስህተት እንደ ተጠቃሚ ጥፋት መቁጠርም ሆነ እንደ ፕሮግራም ብልሽት መመዝገብ ያሳስታል። እኔ የማየው እንደ እምቢታ ነው፤ እምቢታው መቼ፣ በማን አፍና በምን ቃል እንደሚነገር መወሰንም ከሶፍትዌሩ ዋና ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን የሚያወሳስበው እምቢ ማለት የሚችሉት ብዙ መሆናቸው ነው። በሊኑክስ ላይ የተለመደውን አደረጃጀት ብንወስድ፣ ከላይ ሊብቨርት የተባለው አስተዳዳሪ ሶፍትዌር በኤክስኤምኤል (በመለያዎች በሚጻፍ የጽሑፍ ቅርጽ) የተጻፈውን ውቅረት ያነብባል፤ ከሥሩ ኪውኢሙ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና ሌሎቹን መሣሪያዎች አስመስሎ ያቀርባል፤ ከዚያ በታች በከርነሉ ውስጥ ያለው ኬቪኤም የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን አቅም ይከፍትለታል፤ መጨረሻ ላይ ራሱ ፕሮሰሰሩ አለ። አንድ ጥያቄ ከእነዚህ አራት ደረጃዎች በየትኛውም ላይ ሊቆም ይችላል፤ ተጠቃሚው የሚነጋገረው ግን ከላይኛው ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ከታች የመጣው እምቢታ ትርጉሙን ሳያጣ ወደ ላይ መድረስ አለበት።

ሊብቨርት በዚህ ረገድ የመረጠው አካሄድ ይመቸኛል። በስህተት ቁጥሮቹ ዝርዝር ውስጥ የኤክስኤምኤል ስህተት 27 ቁጥር ሲሆን፣ የማይደገፍ ውቅረት 67፣ የማይደገፍ ተግባር 84፣ የውስጥ ስህተት ደግሞ 1 ነው። ልዩነቱ ለሰው ዓይን ጥቃቅን ቢመስልም፣ ከሊብቨርት በላይ ተቀምጦ ብዙ ሰርቨሮችን ለሚያስተዳድር ፕሮግራም ትልቅ ነው፤ 27 ሲደርሰው ፋይሉን ለጻፈው መመለስ፣ 67 ሲደርሰው ያንኑ ማሽን በሌላ ሰርቨር ላይ መሞከር፣ 1 ሲደርሰው ደግሞ ጉዳዩን ሰው እንዲያየው ማስመዝገብ ይችላል። ሁሉም በ1 ቁጥር ከመጣ ግን ይህ ፕሮግራም የመልእክቱን ጽሑፍ እየበረበረ «አይደገፍም» የሚል ቃል መፈለግ ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው ዘዴ መልእክቱ በሌላ ቋንቋ በታየ ወይም አንድ ቃል በተለወጠ ቀን ይፈርሳል። ብዙ ፕሮግራመሮች «የውስጥ ስህተት» የሚለውን ስም ለመመደብ የሰነፉትን ሁሉ የሚጥሉበት ቅርጫት ሲያደርጉት ስለማይ ነው ይህን አጥብቄ የማነሣው።

እምቢታ በጊዜው እንዲነገር ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኬቪኤም በዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ከገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የበይነገጹ ቁጥር 12 ላይ እንዲረጋ ተደረገ፤ ፕሮግራሞችም ከ12 ሌላ ቁጥር ከተመለሰላቸው ሥራ እንዳይጀምሩ በሰነዱ ላይ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት አቅሞች ሁሉ የሚታወቁት «ይህ አቅም አለህ ወይ?» ተብሎ አንድ በአንድ በመጠየቅ እንጂ ከቁጥሩ ተነሥቶ በመገመት አይደለም። ሊብቨርትም ቀድሞ የኪውኢሙን የእገዛ ጽሑፍና የስሪት ቁጥር እያነበበ ይገምት ነበር፤ በ2012 ከወጣው ኪውኢሙ 1.2 ጀምሮ ግን ፕሮግራሙን ለአፍታ አስነሥቶ በመቆጣጠሪያ ፕሮቶኮሉ በኩል በቀጥታ ይጠይቀዋል። የስሪት ቁጥር የማይታመንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሊኑክስ አከፋፋዮች አዳዲስ አቅሞችን ወደ አሮጌ ስሪቶች ይመልሳሉ፤ አንዳንዱን ደግሞ ሲያዘጋጁት ያስቀሩታል፤ በዚህም የተነሣ ቁጥሩ አሮጌ፣ አቅሙ አዲስ ይሆናል፤ ወይም ተቃራኒው ይደርሳል።

የተገኘው መልስ በካሽ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማኖሪያ፣ ሲቀመጥ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ጥያቄው ጊዜ ስለሚወስድ ማስቀመጡ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱን ሊለውጥ የሚችል ማንኛውም ነገር ሲለወጥ የተቀመጠው መጣል አለበት። ሊብቨርት የኪውኢሙ ፋይል የተለወጠበትን ጊዜ፣ የራሱን ስሪት፣ የከርነሉን ስሪትና የፕሮሰሰሩን የማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም) ስሪት ሳይቀር የሚያገናዝበው ለዚህ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተዘነጋ ሶፍትዌሩ ትላንት እውነት በነበረ መረጃ ዛሬ እምቢ ይላል፤ እንዲህ ያለው ሐሰተኛ እምቢታ ደግሞ ተጠቃሚውን ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱም በእጁ ሲሞክረው የሚሠራውን ነገር ነው «አይደገፍም» የሚባለው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደማስብበት ነጥብ ልምጣ። ውቅረትን የሚፈትሹት የማጣሪያ ሕጎች ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጠብቃሉ፤ አዲሱ ስሪት አሮጌው ያሳልፈው የነበረውን የመሣሪያ ቅንጅት ሊከለክል ይችላል፤ ክልከላውም ትክክል ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ይህ ሕግ ቀደም ብለው በዲስክ ላይ የተቀመጡ ማሽኖችን ሲያገኛቸው ምን ይሁን የሚለው ነው። ውቅረቱን የሚያነበው ኮድና የሚያጣራው ኮድ አንድ ከሆኑ፣ ሶፍትዌሩ ታድሶ ሲነሣ አሮጌውን ፋይል ያነብባል፣ ሕጉን ያፈርሳል ብሎ ይጥለዋል፣ ማሽኑም ከዝርዝሩ ይጠፋል። ተጠቃሚው የሚያየው የስህተት መልእክት እንኳ የለም፤ በሎግ (በፕሮግራሙ የክንውን መዝገብ) ውስጥ የተቀበረ አንድ መስመር ይኖር ይሆናል፤ እርሱ ግን ትላንት የነበረው ማሽን ዛሬ የለም ብሎ ይደነግጣል። ዲስኩ በቦታው አለ፤ መረጃው አልጠፋም፤ ግን ይህን የሚነግረው የለም።

የሊብቨርት አዘጋጆች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ማንበብንና ማጣራትን መለያየት ነበር። አንድ ማሽን አዲስ ሲመዘገብ ማጣሪያው ይሠራል፤ ሲነሣም ይሠራል፤ ከዲስክ ሲነበብ ግን ይዘለላል። በዚህ መንገድ ሕጉን የሚያፈርሰው አሮጌ ማሽን በዝርዝሩ ውስጥ ይቆያል፤ ባለቤቱ ሊያየው፣ ሊያስተካክለው ወይም ሊሰርዘው ይችላል፤ ለማስነሣት ሲሞክር ምክንያቱ በግልጽ ይነገረዋል። ከዚህም አልፈው ውቅረቱን ለማሟላት የሚያስፈልገው የኪውኢሙ ፕሮግራም ራሱ ከኮምፒውተሩ ላይ ቢነሣ እንኳ ማሽኑ እንዳይጠፋ አድርገዋል፤ ፋይሉ ሲነበብ ያልተሟላ መሆኑ በላዩ ላይ ምልክት ይደረግበትና ማሟላቱ ማሽኑ በሚነሣበት ጊዜ እንደገና ይሞከራል። እኔ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ብገመግም መጀመሪያ የምፈትሸው ይህንኑ ነው፤ ፕሮግራሙን አውርጄ፣ የሚያስፈልገውን ነገር ደብቄ፣ እንደገና አስነሥቼ ዝርዝሩን አያለሁ። እየሠራ ያለ ማሽን ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ታድሶ ሲነሣ፣ በሥራ ላይ ያለውን ማሽን «አዲሱን ሕግ አያሟላም» ብሎ ሊተወው አይገባም፤ ማሽኑ መሥራቱ ብቻውን ውቅረቱ እንደሚሠራ ማስረጃ ነውና።

ከመጥፋት ጋር የሚቀራረብ ሌላ ጉዳይ አለ። ሊብቨርት በኤክስኤምኤሉ ውስጥ የማያውቀው መለያ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህ ለአዲስ ስሪት የተጻፈን ፋይል በአሮጌ ስሪት ለማንበብ ይጠቅማል፤ ሆኖም አንድ ፊደል ያሳተ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው መስመር ፋይሉን ዳግም ሲከፍተው ተንኖ ያገኘዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሲመዘገብ ፋይሉን የትኞቹ መለያዎች እንደሚፈቀዱ ከሚወስነው ደንብ ጋር እንዲያመሳክር ማዘዝ ነው። የሊብቨርት የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የሆነው የቨርሽ ማስተካከያ ትእዛዝ ደግሞ ማመሳከሩ ሲከሽፍ የተጻፈውን ጥሎ አይወጣም፤ ተመልሰው ያስተካክሉት እንደሆነ፣ ይተዉት እንደሆነ ወይም ማመሳከሩን አጥፍተው ይቀጥሉ እንደሆነ ይጠይቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ብዙ መስመር ጽፎ በአንድ ቃል ምክንያት ሁሉን ያጣ ሰው ግን ዋጋዋን ያውቃል።

እምቢ ከማለት ይልቅ የተጠየቀውን በሌላ መተካት ጨዋነት የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ኪውኢሙን «በኬቪኤም ሞክር፤ ካልሆነ በቲሲጂ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ኬቪኤም ካልተገኘ ፕሮግራሙ አንድ መስመር ጽፎ የእንግዳውን፣ ማለትም በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራውን ሲስተም፣ የፕሮሰሰር ትእዛዞች በሶፍትዌር ወደሚተረጉመው ወደ ቲሲጂ ይዞራል። ማሽኑ ይነሣል፤ እንግዳው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ይሠራል፤ ግን እጅግ ይዘገያል። ያቺ አንድ መስመር በሎግ ውስጥ ከቀረች ተጠቃሚው ዝግታውን ከዲስኩ፣ ከኔትወርኩና ከዳታቤዙ ጋር እያያያዘ ሲፈልግ ይውላል። ለሙከራ ኮምፒውተር ይህ መተካት ሊበቃ ይችላል፤ አገልግሎት ለሚሰጥ ሰርቨር ግን ግልጽ እምቢታ ይሻለዋል። ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ቪኤምዌር ወርክስቴሽን በእንግዳው ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን የማስነሣት አቅም ተጠይቆ አስተናጋጁ (ማሽኑን የሚያሠራው ኮምፒውተር) ካልፈቀደለት፣ ይህ እንደማይደገፍ ነግሮ ያለ እርሱ ይቀጥል እንደሆነ ይጠይቃል። ሰው ፊት ለፊት ባለበት ቦታ ይህ ተገቢ ነው፤ መተካቱ የተጠቃሚው ውሳኔ ይሆናልና። ሰው በሌለበት፣ ማለትም ስክሪፕት ወይም ሌላ ፕሮግራም በሚያዝዝበት ቦታ፣ ፈቃዱ አስቀድሞ በውቅረቱ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ሊብቨርት ይህንን ፈቃድ ለመጻፍ በርካታ ቦታዎች አሉት። ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር አቅም «የግድ ነው» ወይም «ካለ ይሁን» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለሲዲና ለፍሎፒ ምስሎችም እንዲሁ ሦስት ደረጃ አለ፤ ምስሉ ከጠፋ በምንም ሁኔታ አትነሣ፣ ስትነሣ ከሌለ እምቢ በል ወደ ሌላ ሰርቨር ስትዛወር ግን ተወው፣ ወይም በማንኛውም ጊዜ ከሌለ ያለ እርሱ ተነሣ። ይህ ደረጃ የተጠቃሚውን ሐሳብ ከግምት ያወጣዋል። በአንጻሩ ኪውኢሙ ራሱ አንድ የተጠየቀ የፕሮሰሰር አቅም በአስተናጋጁ ላይ ከሌለ፣ ብቻውን ሲነሣ አስጠንቅቆ ይቀጥላል፤ እንዲከለክል ከተፈለገ አስገድድ የሚለውን ምርጫ መጨመር ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ልማዱ ተቃራኒው ቢሆን ይሻል ነበር። ያ አቅም አለ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም በእንግዳው ውስጥ ሲሮጥ ሕገ ወጥ ትእዛዝ ገጠመኝ ብሎ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ስህተቱ ከምንጩ በሰዓታት ወይም በቀናት ርቋል፤ ማስጠንቀቂያውንም የሚያስታውስ የለም።

ድንበሩን የማሰምረው እንግዳው በሚያየውና በማያየው መካከል ነው። አስተናጋጁ ፋይሉን በምን ዘዴ እንደሚያነብ፣ የኔትወርክ ፓኬቶችን በየትኛው የከርነል መንገድ እንደሚያሳልፍ እንግዳው አያውቅም፤ ፈጣኑ መንገድ ከሌለ ዝግተኛውን መውሰድ፣ በሎግ ተመዝግቦ፣ ያስኬዳል። የማሽኑ ዓይነት፣ የፕሮሰሰሩ አቅሞች፣ የመሣሪያዎቹ አድራሻ ግን የእንግዳው ዓለም ናቸው። በ1996 የወጣውን የኢንቴል 440ኤፍኤክስ ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ መሣሪያዎች የሚያገናኙ ቺፖች) የሚያስመስለውን ማሽን፣ «አልተገኘም» ተብሎ የ2007ቱን ኪው35 ቺፕሴት በሚያስመስለው ዝም ብሎ ቢተካ፣ እንግዳው ላይ ዲስኮቹ በሌላ መቆጣጠሪያ ሥር ይገኛሉ፣ የኔትወርክ ካርዱ ስሙን ሊለውጥ ይችላል፣ ዊንዶውስ ከሆነም የሃርድዌር ለውጥ አይቶ ፈቃዱ እንደገና እንዲረጋገጥ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው እምቢታ ነው።

የመልእክቱ ቃል ራሱ ብዙ ይወስናል። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ቪቲ-ኤክስ የሚባለው የኢንቴል የቨርቹዋላይዜሽን አቅም በፕሮሰሰሩ ላይ ጭራሽ ከሌለ አንድ የስህተት ኮድ ይሰጣል፤ አቅሙ ኖሮ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ከተዘጋ ደግሞ ሌላ ኮድ ይሰጣል። ለፕሮግራሙ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ማሽኑ አይነሣም፤ በተለይ በ2019 ከወጣው ስሪት 6.1 ወዲህ ያለ ሃርድዌር ድጋፍ የሚሠራበት መንገድ ስለተወገደ ሌላ አማራጭ የለም። ለተጠቃሚው ግን አንደኛው «ኮምፒውተር ለውጥ»፣ ሁለተኛው «ባዮስ ገብተህ አንድ ምርጫ አብራ» ማለት ነው። የመከልከያ መልእክቶችን መለያየት ያለብን ውጤታቸው ሲለያይ ሳይሆን መፍትሔያቸው ሲለያይ መሆን አለበት።

የተገላቢጦሹን ምሳሌ ከሊብቨርት እወስዳለሁ። «የዚህ ዓይነት የሲፒዩ ሞድ ለኬቪኤም ማሽን በሃይፐርቫይዘሩ አይደገፍም» የሚለው መልእክት (ሲፒዩ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሃይፐርቫይዘር ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በቃሉ ትክክል ነው፤ አንባቢውን ግን ወደ ሲፒዩ ውቅረቱ ይልከዋል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ምክንያት ኬቪኤም ራሱ አለመገኘቱ ነው፤ ሞጁሉ አልተጫነም፣ በባዮስ ተዘግቷል፣ የመሣሪያ ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ የለም፣ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ሆኖ ይህ አቅም አልተሰጠውም። ኬቪኤም ስለሌለ በኬቪኤም የሚሠሩት የሲፒዩ ሞዶችም የሉም፤ ማጣሪያው ግን መጀመሪያ ያገኘውን ጉድለት ተናግሮ ያበቃል። ጉድለቶች እንዲህ ሲደራረቡ ሥሩን መጀመሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ኬቪኤም አለ ወይ ሳይባል ስለ ሲፒዩ ሞድ ባይነሣ ይመረጣል። በኪውኢሙ ውስጥ ደግሞ የምወደው መልእክት አለ፤ ኬቪኤም ወደ እንግዳው ሊገባ ሞክሮ ሃርድዌሩ ሲከለክለው፣ ቁጥሩን ብቻ ጥሎ ከመሄድ ይልቅ፣ አሮጌ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የእንግዳውን አንዳንድ ሁኔታ እንደማይቀበሉና ምክንያቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል በሁለት ዓረፍተ ነገር ያብራራል። ይህ አስቀድሞ ሊጣራ የማይችል፣ እንግዳው መሥራት ከጀመረ በኋላ ብቻ የሚታወቅ እምቢታ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ማብራሪያው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ዛሬ የሚደገፍ ነገር ነገ የማይደገፍ ስለሚሆን፣ ማስጠንቀቂያው ከእምቢታው መቅደም አለበት። ኪውኢሙ አንድን ነገር ሊያስወግድ ሲወስን በሁለት ስሪቶች ርዝመት አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ቁጥር ያላቸው የማሽን ዓይነቶች ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊወገዱ መሆናቸው ይነገርና ከስድስት ዓመት በኋላ ይወገዳሉ። ሊብቨርት ይህን ማስታወቂያ ተቀብሎ ስለ ማሽኑ መረጃ በሚያሳየው ትእዛዝ ላይ ያወጣዋል፤ ሎግ የማያነብ ሰው እንኳ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ማለት ነው።

እምቢታው ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ሲመጣ፣ የተነካካውን ወደ ቦታው መመለስ ግዴታ ነው። ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የኔትወርክ መገናኛ ተፈጥሯል፣ የዲስክ ፋይሎቹ ባለቤትነት ተለውጧል፣ ምናልባትም አንድ የፒሲአይ ካርድ ከአስተናጋጁ ድራይቨር ተነጥቆ ለእንግዳው ተዘጋጅቷል። ይህ ሁሉ ካልተመለሰ ተጠቃሚው ውቅረቱን አስተካክሎ ዳግም ሲሞክር የሚያገኘው ስህተት ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ይሆናል። በጽዳቱ ወቅት የሚነሣ ሁለተኛ ስህተት ዋናውን እንዳይሸፍነውም መጠንቀቅ ያሻል፤ ሊብቨርት ከጽዳቱ በፊት የመጀመሪያውን ስህተት አስቀምጦ ከጽዳቱ በኋላ የሚመልሰው ለዚህ ነው። እየሠራ ያለን ማሽን ወደ ሌላ ሰርቨር በማዛወር ጊዜ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይረዳል፤ ተቀባዩ ሰርቨር ማሽኑን መቀበል መቻሉ የሚታወቀው ሜሞሪው መተላለፍ ከመጀመሩ በፊት በዝግጅቱ ደረጃ ስለሆነ፣ ተቀባዩ እምቢ ቢል በምንጩ ላይ ያለው ማሽን ምንም ሳይሰማው መሥራቱን ይቀጥላል።

የቀረው ፈተናው ነው። የእምቢታ መንገዶች በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ እምብዛም አይሄድባቸውም፤ እርሱ የሚሠራው በአዲስ ፕሮሰሰር፣ በአዲስ ከርነልና ሁሉ በተሟላበት ኪውኢሙ ላይ ነው። ሊብቨርት ከየኪውኢሙ ስሪት የተሰበሰቡ የጥያቄና መልስ ቅጂዎችን ከምንጭ ኮዱ ጋር ያስቀምጣል፤ ፈተናዎቹም እነዚህን ቅጂዎች እያነበቡ አሮጌው ስሪት የተጫነ ያህል ሆነው ይሠራሉ፤ ይህ ውቅረት በዚያኛው ስሪት ላይ እምቢ መባል አለበት ተብሎ የሚጠበቀው መልእክት ሳይቀር በፋይል ተጽፎ ከተገኘው ጋር ይነጻጸራል። በዚህ ምክንያት መልእክቱን ያለ ማስተዋል የለወጠ ወይም እምቢታውን ወደ ዝምታ ያዞረ ለውጥ ሲቀርብ ፈተናው ይወድቃል፤ ገምጋሚውም የድሮውንና የአዲሱን መልእክት ጎን ለጎን ያያል።